ማሽን ከመጥራትዎ በፊት የማንሆሉን ክዳን ያንሱ

ጥያቄ፦ «እናቴ የምትኖረው አቃቂ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። የወጥ ቤቱ ዕቃ ማጠቢያ በጋ ከክረምት ውሃ ቶሎ አይወስድም። ክረምት ሲበረታ ደግሞ ሽንት ቤቱ ይመለሳል፣ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል በኩልም ጥቁር ውሃ ይወጣል። ሦስት ቧንቧ ሠራተኞች ጠራሁ፤ አንዱ አሲድ እናፍስበት፣ ሌላው በሽቦ ማሽን ይከፈታል፣ ሦስተኛው በላቫጆ ማሽን ግፊት እናጥበዋለን አሉ። ጎረቤታችን ደግሞ ጉድጓዱ ሞልቶ ነውና የፍሳሽ መኪና ጥሪ ትላለች። ሁሉም ዋጋ የነገሩኝ በር ላይ ቆመው ነው። ግቢው ውስጥ እናቴ የምትሳሳለት ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ ቱቦው በአጠገቡ ስለሚያልፍ ይቆረጥ ያሉኝም አሉ። የቱን ልምረጥ?»

እህቴ፣ ከአሲዱ በስተቀር የተነገረዎት ሁሉ በየቦታው ይሠራል። በሽቦ የሚከፈት ቱቦ አለ፣ በግፊት ውሃ ካልሆነ የማይጠራ አለ፣ ጉድጓዱ ካልተመጠጠ ምንም ቢደረግለት የማይሄድ ፍሳሽም አለ። የትኛው እንደሆነ ግን በር ላይ ቆሞ አይታወቅም። ሽቦ ያለው በሽቦ ይላል፣ የላቫጆ ማሽን ያለው በግፊት ይላል፣ ምንም የሌለው አሲድ ይላል። ስለዚህ መሣሪያ መምረጡን ለጊዜው ይተዉትና ሁለት ነገር ይወቁ፤ የተዘጋው የቱ ጋ ነው? እዚያ ያለው ቱቦስ ከምን የተሠራ ነው፣ ምን ያህል ይችላል?

ከጻፉት ስነሣ እናትዎ ቤት ያለው ችግር ሁለት ይመስለኛል። የወጥ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ የሚዘገይ ከሆነ የራሱ መስመር ውስጥ ቅባት ተጋግሮበታል። ሽንት ቤቱ ግን በጋውን ደህና ከርሞ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሚመለስ ከሆነ ነገሩ ከዝናቡ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለዚያ ሽቦም ግፊትም መፍትሔ አይሆኑትም። ለሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ዋጋ ሲስማማ ግማሹ ገንዘብ በከንቱ ይሄዳል።

የት እንደተዘጋ ማወቅ

የዚያ ዘመን ቤቶች አሠራር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ከሽንት ቤትና ከመታጠቢያው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቱቦ ወጥቶ ከግድግዳው ውጪ ካለ ማንሆል ይገባል፤ ከዚያ ሌላ ማንሆል ሊኖር ይችላል፤ ቀጥሎ በድንጋይ የተገነባ ሴፕቲክ ታንክ፣ ከታንኩ ተርፎ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሄዳል። የወጥ ቤቱ መስመር ቀጭን ነው፣ 40 ወይም 50 ሚሊ ሜትር፤ ከመጀመሪያው ማንሆል ላይ ይቀላቀላል ወይም ለብቻው ትንሽ ማንሆል አለው። የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ቅርብ ነው ማለት ቤታችሁ ከመንግሥት መስመር ጋር ተገናኝቷል ማለት አይደለም። የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ጠይቀው መስመር በደጃችሁ የሚያልፍ መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ። የሚያልፍ ከሆነ ከዚህ በታች ስለ ጉድጓድ የምለው አብዛኛው ያከትማል፤ ማገናኘቱ ይሻላል።

ማንሆሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተቀብረዋል። ልጆች ሲያድጉ፣ ሰርቪስ ቤት ሲጨመር፣ ግቢው ሲሚንቶ ሲለበስ ክዳኑ ከሥር ይቀራል። ሽንት ቤቱ ካለበት ግድግዳ ተነሥተው ወደ ታንኩ ቀጥታ መሥመር ይያዙና መሬቱን በብረት ዘንግ እየመቱ ይሂዱ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ላይ ነው። እናትዎን ይጠይቁ፤ ከማንም ማሽን በላይ ቤቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ክዳኑ ሲነሣ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ሽንት ቤቱ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ በአንድ ጊዜ ይድፋ፣ እርስዎ ከላይ ይመልከቱ። ማንሆሉ ባዶ ሆኖ ውሃው ቤት ውስጥ ከተኛ የተዘጋው ከቤቱ እስከ ማንሆሉ ባለው ቱቦ ላይ ነው። የመጀመሪያው ማንሆል ሞልቶ ሁለተኛው ባዶ ከሆነ በሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱም ሞልተው ከተገኙ ወደ ታንኩ ይሂዱ።

ታንኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሴፕቲክ ታንክ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው። ዝቃጩ ከታች ይተኛል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መካከል ያለው ውሃ በመውጫው ቱቦ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል። ስለዚህ ክዳኑን ከፍቶ «ሞልቷል» የሚል ሰው የነገረዎት ነገር የለም። ጥያቄው የውሃው ከፍታ የት ላይ ነው የሚለው ነው። ውሃው ልክ በመውጫው ቱቦ ወለል ላይ ከቆመ ታንኩ ጤነኛ ነው። ከዚያ አልፎ ቱቦውን የሸፈነ ከሆነ ከታንኩ በኋላ ያለው ማስረጊያ አልቀበል ብሏል። የታንኩ ውሃ በቦታው ሆኖ ከፊቱ ያለው ማንሆል ከሞላ ደግሞ የተዘጋው የታንኩ መግቢያ ነው፤ እዚያ ላይ የጠጠረ ቅባትና ጨርቅ ይሰበሰባል፣ ብዙ ጊዜም በረጅም እንጨት ከላይ ተነክቶ ይከፈታል። በእንጨት ለሚከፈት ነገር ማሽን ተጠርቶ ሲከፈልበት ብዙ ጊዜ አያለሁ።

የሚመጠጥበት ጊዜ መድረሱን ለማወቅ፦ ረጅም እንጨት ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ይጠቅልሉና ቀስ ብለው እስከ ወለሉ ይስደዱት፣ ትንሽ አቆይተው ያውጡት። ጥቁር ሆኖ የወጣው ክፍል የዝቃጩ ውፍረት ነው። ዝቃጩና ከላይ ያለው ቅባት ተደምረው የታንኩን ጥልቀት ሲሶ ከያዙ መኪናውን ይጥሩ። በደንብ ለተገነባ ታንክ ይህ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ የሚደርስ ነገር ነው፤ እንደ ቤተሰቡ ብዛት ይለያያል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ማንሆልም ሆነ ታንክ ሲከፈት ቆመው ከራቅ ብለው ይመልከቱ፤ ጭንቅላትዎን አያስገቡ፣ ሻማም ክብሪትም አይለኩሱ፣ በዙሪያው ሲጋራ አይጨስ። በሞባይል መብራት ይበቃል። ማንም ሰው፣ ጎበዝ ቧንቧ ሠራተኛም ቢሆን፣ ለደቂቃ እንኳ ወደ ታንኩ ወይም ወደ ማስረጊያው አይውረድ። እዚያ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ራሱን ስለሚያደነዝዝ ሰውየው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ይወርዳል። ሁለተኛው የሚሞተው ደግሞ የመጀመሪያውን ለማውጣት የገባው ነው። ዕቃ ከወደቀ ይቅር። ክዳኑንም ከፍተው ጥለው አይሂዱ፤ ልጅ አለ፣ ጨለማ አለ።

ክረምት ብቻ የሚመለሰው

አቃቂ የጥቁር መረሬ አገር ነው። ይህ አፈር ኮትቻ የሚሉት ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ያብጣል፣ ውሃም አያሳልፍም። ማስረጊያ ጉድጓድ የሚሠራው ውሃውን አፈሩ ሲጠጣለት ብቻ ነው። በሐምሌ አፈሩ ራሱ ጠግቦ ተኝቶ ሳለ ጉድጓዱ የሚሰጠው ሰው የለውም፤ ውሃው ወደ ታንኩ፣ ከታንኩ ወደ ማንሆሉ፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ወዳለው ቀዳዳ ይመለሳል። ያ ዝቅተኛ ቀዳዳ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ነው። ጥቁሩ ውሃ በዚያ የወጣው ለዚህ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ መኪና ተጠርቶ ይመጠጣል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይሞላል፣ ባለቤቱም «አልመጠጡልኝም፣ አታለሉኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ መጥጠዋል። የድሮ የድንጋይ ታንክ ልስኑ ከተሰነጠቀ ወይም ወለሉ ከመጀመሪያውም ካልተሠራ በዙሪያው ያለው የክረምት ውሃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የሚመጠጠው ዝናብ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የመኪናው ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ነሐሴ ላይ የሚጠራው ለጭንቅ ማስታገሻ ያህል ነው።

ከዚያ በፊት ግን ወጪ የሌለው ምርመራ አለ። የጣሪያችሁ አሸንዳ ውሃውን የት ነው የሚያወርደው? በድሮ ቤቶች ላይ ከማገኛቸው ነገሮች እንደዚህ የሚያናድደኝ የለም፤ ግቢው እንዳይጨቀይ ተብሎ የአሸንዳው ቱቦ በቀጥታ ከማንሆሉ ጋር ይቀጠላል። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2,000 ሊትር ውሃ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይህን ያህል ይጥላል። የትኛውም የቤተሰብ ታንክ ይህን አይችልም። በዚያ ላይ ታንኩ ውስጥ የተኛውን ዝቃጭ እያናወጠ ወደ ማስረጊያው ስለሚገፋው ማስረጊያው ለዘለቄታው ይደፈናል። አሸንዳው ተቀጥሎ ካገኙት ዛሬውኑ ያስለዩት፤ ውሃው በበርሜል ይሰብሰብ ወይም ወደ መንገዱ የዝናብ ቦይ ይሂድ። ፍሳሹን ግን ወደዚያው ቦይ እንዳትለቁት፤ ጎረቤትንም ወንዙንም መበከል ነው፣ ያስቀጣልም።

መንገዱንም ይመልከቱ። ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ብሎ ግቢዎች ዝቅ ብለው የቀሩበት ሰፈር ብዙ ነው። ጎርፉ በበር ገብቶ የማንሆሉን ክዳን የሚሸፍነው ከሆነ ማንሆሉን በብሎኬት ሁለት ረድፍ ከፍ አድርጎ ክዳኑን ማጠባበቅ ብቻውን ችግሩን ግማሽ ያደርገዋል።

እነዚህ ተስተካክለውም ማስረጊያው አልቀበል ካለ አዲስ ማስረጊያ መቆፈር ነው። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ከሚሆን፣ ቦታ ካለ፣ ጠጠር የተሞላ ረጅም ጥልቀት የሌለው ቦይ ኮትቻ ላይ የተሻለ ይሆናል፤ ምክንያቱም ሰፊ ገጽ ይነካል። ከውሃ ጉድጓድ፣ የጎረቤትም ቢሆን፣ በደንብ ይራቅ።

እርሾ የሚጨምሩ፣ እበት የሚጨምሩ ቤቶች አሉ። ታንኩ የሚያስፈልገው ተሕዋስ በየቀኑ ከሽንት ቤቱ ጋር ይገባለታል፤ ምንም አይጨምሩ።

ቱቦው ምን ይችላል?

በዚያ ዘመን በተሠራ ግቢ ውስጥ ከመሬት በታች የማገኘው አብዛኛውን ጊዜ የሲሚንቶ ቱቦ ነው። አንዱ ቁራጭ አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ በየሜትሩ መጋጠሚያ አለ፣ መጋጠሚያውም በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ኮትቻው በየዓመቱ ሲያብጥና ሲኮማተር እነዚያ መጋጠሚያዎች ይላቀቃሉ፣ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ዝቅ ይላል። ውሃው የሚያልፍበት ተዳፋት ይጠፋል፤ 100 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት፣ መሃሉ ዝቅ ብሎ ሆድ ሲያበጅ ግን ጓዙ፣ ማለትም ደረቁ ቆሻሻ፣ እዚያ ይተኛል። ቤት ውስጥ ደግሞ የብረት ቱቦ ሊኖር ይችላል፤ በውስጡ ዝገት ስለሚያበቅል ስፋቱ ይጠባል፣ ከታች በኩልም ይበላል። በኋላ የተቀጠለ ፒቪሲም አይጠፋም።

ማንሆሉን ሲከፍቱ የቱቦውን አፍ ይዩ። ወፍራምና ሻካራ ግራጫ ሲሚንቶ ነው። ብረት ሲመታ ይጮኻል። ለስላሳና ቀጭን ሆኖ ሲነካ የሚያስተጋባው ፒቪሲ ነው። ቀጭን ሆኖ ጭረት ጭረት የሚታይበት ግራጫ ከሆነ ኢተርኒት ሊሆን ይችላል፤ እሱ አስቤስቶስ ስላለበት ማንም በግራይንደር እንዳይቆርጠው፣ አቧራው ለሳንባ አደገኛ ነው።

ይህን ማወቅ ለምን አስፈለገ? ሦስቱም ሰዎች ያቀረቡት ነገር በእያንዳንዱ ቱቦ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ስለሚለያይ ነው።

አሲድ

ከባትሪ ቤት የሚገዛ አሲድ ይሁን የሽንት ቤት ማጽጃ ተብሎ በጀሪካን የሚሸጠው፣ ሲሚንቶ ይበላል። የሲሚንቶ ቱቦ ላይ አሲድ ማፍሰስ ቱቦውን ራሱን ማሟሟት ነው፤ ብረቱንም ይበላዋል። ቅባቱን ደግሞ ያን ያህል አይነካውም። ኮስቲክ ሶዳ በተቃራኒው ቅባቱን ይይዘዋል፣ ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል፤ ነገር ግን ውሃ ሲነካው በኃይል ይግላል፣ ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ከቆመ ፒቪሲውን ያለሰልሳል፣ ከቅባቱ ጋር ተጋግሮም አንዳንዴ ከበፊቱ የጠነከረ ድንጋይ ይሆናል። ሁለቱም ታንኩ ውስጥ ሲደርሱ ቆሻሻውን የሚያብላላውን ተሕዋስ ይገድላሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው ነው። አሲዱ አልከፈተም፤ ቱቦው ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። በማግስቱ ሽቦ ይዞ የሚመጣው ልጅ ምንም ሳያውቅ ሲከፍተው ፊቱ ላይ ይረጭበታል። ከዚህ በፊት ማንም ሰው አፍስሶበት ከሆነ ለሚቀጥለው ሠራተኛ ሳይጠይቅዎ ይንገሩት። በረኪና ቤት ውስጥ እንዳለ አልጠራጠርም፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል። እናትዎ በዕድሜ የገፉ ከሆነ ይህ የበለጠ ያሳስበኛል።

የወጥ ቤቱ መስመር

ወደ ዕቃ ማጠቢያው እንመለስ። የሐበሻ ወጥ ቤት ቱቦ የሚዘጋው በቅቤና በሚረጋ ዘይት ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቱቦው ግድግዳ ላይ ይረጋል። የቡና አተላው፣ የእንጀራው ፍርፋሪ፣ የሊጥ እጣቢው፣ ድስት የሚፈተግበት አመድና አሸዋ በዚያ ላይ ይጣበቃሉ።

መጀመሪያ ከማጠቢያው ሥር ያለውን ሲፎን፣ ማለትም ውሃ የሚይዘውን ጥምዝ ቱቦ፣ ይክፈቱት። ባልዲ ከሥሩ ያስቀምጡ፣ በእጅ ይፈታል፣ ያጥቡት፣ መልሰው ይግጠሙት። ብዙ ቤት እዚህ ላይ ያበቃል። ካላበቃ፣ ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚደርስ በእጅ የሚዞር ጥምዝ ሽቦ ከሲፎኑ በኋላ ባለው ቱቦ ያስገቡ፤ በዕቃ ማጠቢያው አፍ በኩል አይደለም። ሲከፈት ሙቅ ውሃ በሳሙና ያስከትሉ። ሙቅ እላለሁ፣ የፈላ አልልም። አቃቂ ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ፒቪሲን ለማጣመም ይበቃል፣ የሽንት ቤት ሸክላም ይሰነጥቃል። ሽቦ ሳያስቀድሙ ሙቅ ውሃ ብቻ ማፍሰስም ዋጋ የለውም፤ ቅባቱ ይቀልጥና ጥቂት ሜትር ሄዶ፣ እጅዎ የማይደርስበት ቦታ ላይ መልሶ ይረጋል።

የሽቦው ድክመት ይታወቅ፤ ቅባት ውስጥ ሽቦ መስደድ ቅቤ ውስጥ ጣት እንደ መስደድ ነው፣ ጣቱ ያለፈበት ብቻ ይከፈታል። ስለዚህ የወጥ ቤቱ መስመር በሽቦ ተከፍቶ በወር በሁለት ወሩ ተመልሶ የሚዘጋ ከሆነ የግፊት ውሃ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ያ የላቫጆ ማሽን ያለው ልጅ ለዚህ ሥራ ትክክለኛው ሰው ነው፣ ግን ለቱቦ የተሠራ አፍንጫ ያለው መሆን አለበት፤ ውሃውን ወደ ኋላ የሚረጭ። ያ አፍንጫ ራሱን ወደ ፊት እየሳበ ይሄድና ቅባቱን ወደ ኋላ ያመጣዋል። የመኪና ማጠቢያውን ሽጉጥ ቱቦ አፍ ላይ ደግኖ የሚረጭ ከሆነ ያሰናብቱት፤ ቆሻሻውን ጠቅጥቆ ይሄዳል። ሥራው የሚጀመረው ከማንሆሉ ወደ ቤቱ ነው እንጂ ከቤቱ ወደ ማንሆሉ አይደለም።

ከዚያ ወጥ ቤቱ ከሚወጣበት ደጅ ላይ ትንሽ የቅባት ማጥመጃ ሳጥን ያሠሩ፤ በብሎኬት ይሠራል፣ ቅባቱ ከላይ ሲረጋ በማንኪያ ይነሣል። የድስቱን ቅባት ከመታጠቡ በፊት በወረቀት መጥረግና የቡና አተላን አትክልት ሥር መድፋት ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ዋናው መስመር፦ ሽቦ ወይስ ግፊት?

የማንሆሉ ምርመራ ዋናው 100 ሚሊ ሜትር መስመር መዘጋቱን ካሳየ፣ በድሮ የሲሚንቶ ቱቦ ላይ እኔ የማስቀድመው ሽቦውን ነው። በኤሌክትሪክ የሚዞረው ማሽን ጨርቅ፣ የሴቶች ሞዴስ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ሥር ያወጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ወሬ ያመጣል፤ ሽቦው ሲወጣ ጫፉ ላይ የያዘውን ይዩ። ቅባት ከሆነ ግፊት ይከተል። ጨርቅ ከሆነ ተጠናቋል። ቀጫጭን ሥር ከሆነ መጋጠሚያ ተከፍቷል። ጥቁር ጭቃ ከያዘ ቱቦው ተሰብሮ ሽቦው አፈር ውስጥ ገብቷል፤ ያኔ ሥራው ይቁም። በግድ ሲገፋ ሽቦው እዚያው ተጠምጥሞ ይቀራል፣ ለማውጣት መቆፈር ይመጣል።

በዚህ ቱቦ ላይ ግፊት የማልፈልገው ስለተላቀቁት መጋጠሚያዎች ነው። ውሃው በክፍተቱ ወጥቶ ዙሪያውን ያለውን አፈር ያጥባል፣ ቱቦው የሚተኛበት ያጣል፣ ደረቁ ኮትቻም ጠጥቶ ያብጣል። በጥቅምት የተከፈተ መስመር በየካቲት ሆድ አበጅቶ የሚገኘው እንዲህ ነው። ግፊት የግድ ከሆነ ቱቦው በካሜራ ይታይ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ የሚያስገቡ ባለሙያዎች አሉ፣ ዋጋውም አላስፈላጊ ቁፋሮ ከሚያስከትለው ያነሰ ነው። ደህና ሆኖ ከተገኘ የማሽኑን ግፊት ከ100 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ብዙም ሳያሳልፉ ይታጠብ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ አስቀድመው ሮቶውን ይሙሉ፤ ትንሹ ማሽን በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ስለሚጠጣ ግማሽ ሰዓት ሥራ እስከ 450 ሊትር ይወስዳል። መሃል ላይ ውሃ ሲያልቅ የተነቃነቀው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ተኝቶ ይቀራል።

ፈረቃውን ካነሣሁ አይቀር፦ ውሃ ሲጠፋ በጆግ እየቀዱ ሽንት ቤት ላይ ማፍሰስ ቱቦ ከሚዘጋባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ሁለት ሊትር ውሃ ጎድጓዳውን ባዶ ያደርገዋል፣ ጓዙን ግን መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ባልዲ ሙሉ፣ ከ6 እስከ 9 ሊትር፣ በአንድ ትንፋሽ ይደፋ። የልብስ እጣቢውን አጠራቅመው ለዚህ ይጠቀሙበት።

አቮካዶው

ዛፉ አይቆረጥ። ሥር ደህናውን ቱቦ በስቶ አይገባም፤ የሚገባው ቀድሞ በተከፈተ መጋጠሚያ፣ ከዚያ የሚወጣውን እርጥበት ተከትሎ ነው። ዛፉ ተቆርጦ መጋጠሚያው ከቀረ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ከአቮካዶ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። በማሽን ምላጭ ሥሩን መቁረጥ ለዓመት ያህል ይከፍታል፣ ከዚያ ቁጥቋጦ ሆኖ ይመለሳል። ሽቦው ሥር ይዞ ከወጣ ወደ ዛፉ የሚቀርበውን የቱቦ ክፍል፣ ምናልባት 5 ወይም 6 ሜትር፣ በ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ማስለወጥ ነው። ቦዩ ሲቆፈር ኮትቻው ተመልሶ እንዳይሞላበት፤ ቱቦው ከሥርም ከላይም በአሸዋ ይታቀፍ፣ ከዚያ በላይ ገረጋንቲ ይሙሉበት። መታጠፊያ ካለ እዚያ ማንሆል ይኑር፣ ክዳኑም ከመሬት በላይ ይታይ። ከዛፉ ወፍራም ሥሮች አንዱን ቢቆርጡ አይሞትም፣ በግንዱ ዙሪያ ያሉትን ሁሉ ከቆረጡ ግን ነፋስ ይጥለዋልና ቦዩ በተቻለ መጠን ከግንዱ ይራቅ።

ሠራተኛ ሲስማሙ ዋጋውን ማንሆሉ ከተከፈተ በኋላ ይነጋገሩ። «ከየት እስከ የት ትከፍታለህ? ያወጣኸውን ታሳየኛለህ? ባይከፈትስ?» ብለው ይጠይቁ፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱ የሚለወጥ ሰው ጋር አይስማሙ። ክፍያው የሚጠናቀቀው ሁለት ባልዲ ውሃ ተከታትሎ ተደፍቶ በማንሆሉ ውስጥ ሳይቆም ሲያልፍ ካዩ በኋላ ይሁን። የታንኩን የውሃ ከፍታና የቱቦውን አፍ ፎቶ አንስተው ቢልኩልኝ የማስረጊያውን ነገር ከዚህ በላይ ለይቼ ልነግርዎት እችላለሁ፤ አሸንዳው የሚወርድበትንም አብረው ያንሱት።